የጉድጓድ ቋሚ

የእኛ አምላክ ጆሮ የለውም። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፣ ለምጄዋለሁ። የሌላው ሰው አምላክ ይሰማል፣ ያያል፣ ይቆጣል፣ ተለምኖም ይታረቃል። የእኛው ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ዓይንም ጆሮም የለውም። ስለዚህ አንለምነውም። እናቴ ሞታ እሪ ስል አባቴ «ዝም በይ፣ ማን ይስማሽ ብለሽ ነው?» አለኝ። ልጅ ስለነበርኩ ጨካኝ መሰለኝ እንጂ የነገረኝ እውነቱን ነበር።

ስም አላወጣንለትም። ሲጠሩት ለማይሰማ ስም ምን ያደርግለታል? ታችኛው ነው የምንለው። ታችኛው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ክብደት። እኔም አንቺም አንተም ለእሱ መሬቱ ላይ ያረፍን ክብደት ነን። ሕፃን ልጅ ሰው አቅፎት ወይም አዝሎት እስካለ ድረስ ታችኛው የልጁን መኖር አያውቅም፤ እናቱ የወፈረች ይመስለዋል። ልጁ በገዛ እግሩ የቆመ ዕለት ነው የሚተዋወቁት። በዚያን ቀን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አልጋና ወንበር ላይ ይወጣል፤ መሬቱ ለልጁ ብቻ ይለቀቅለታል፣ ታችኛው ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታታው። በመስኮት ያየን ጎረቤት ሁሉ ቤታችን አይጥ የገባ ይመስለዋል።

ሰው ሞቶ ሲቀበር ደግሞ ላይ የነበረው ክብደት ታች ይገባል። ታችኛው የመጣለትን ይቀበላል፣ አፈሩም ይዘጋል። ክፋት የለበትም። የጎረሰ ሰው አፉን ይዘጋ የለ? እንደዚያ ነው።

የእኛ ጣጣ የሚመጣው ዘራችን ጉድጓድ ቆፋሪ በመሆኑ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ በሕይወት እያለ ታች ይወርዳል። ታችኛው ደግሞ ሕያውን ከሙት አይለይም፤ ከላይ የጠፋ ክብደት እሱ ጋ ሲመጣ ተቀበርኩልህ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ወንዱ ሲወርድ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ይቆማል፣ ልክ የወረደውን ሰው ያህል መዝኖ። ታችኛው ያን ክብደት እላይ ሲያገኘው «አለ፣ አልመጣም» ብሎ ይተወዋል። ይህን ሰው ቋሚ እንለዋለን። ቋሚ የሚቆመው ሰው ሲሻገር ነው፣ ያልተሻገረ እንዲመስል። አይቀመጥም፣ አይደገፍም፣ የተሻገረው እስኪመለስ ድረስም እግሩን ከጭቃው አያነሳም።

ሚዛናችን ሳንቃ ነው። ግንድ ላይ አጋድመን ቆፋሪው በአንዱ ጫፍ፣ ቋሚው በሌላው ጫፍ ይቀመጣሉ። ቋሚው ከቀለለ ሳንቃው እስኪስተካከል ድረስ በጀርባው በሚታዘል ከረጢት ድንጋይ ይጨመርለታል። ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ድንጋዮቹ ደግሞ አባቴና አያቴ ከቆፈሯቸው ጉድጓዶች ወለል የወጡ ናቸው።

አንድ ነገር ክልክል ነው። ነፍሰ ጡር አትቆምም። ታችኛው አላፊ አግዳሚውን አያጣራም፣ ቋሚን ግን ይመረምራል፤ አንድ ሰው ነኝ ብላ ቆማ ሁለት ሆና ትገኛለች። ታችኛው ደግሞ አንዱን ካረጋገጠ ሌላው ትርፍ ነው፤ ትርፍ ሲያገኝ ይወስዳል። የትኛውን እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ነው ይል ነበር፤ አክስቴ ሆድ ውስጥ ያለውን ነው ባይ ነበረች። በዚሁ ነገር ተኳርፈው ኖረው ተኳርፈው ሞቱ።

እኔ ለአባቴ ቆሜያለሁ። እሱ ካለፈ በኋላ ለታናሽ ወንድሜ ቆምኩ። ሳልቆም ስቀር የስፌት መኪናዬ ጋ ነኝ፤ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የሰው ወገብ ሲሰፋና ሲጠብ እየተከታተልኩ እኖራለሁ። አላገባሁም። ያሳደግኩት ወንድሜን ነው፤ ለእኔ ልጄም ወንድሜም እሱ ነው። እሱን ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ ልቤ ያረፈበት ቀን የለም።

ኋላ ስኳር ያዘኝ። እግሬ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና «እናቴ፣ ከእንግዲህ ተቀምጠው ይሥሩ፤ ባዶ እግር የሚባል ነገር የለም፤ አለበለዚያ እግሩን እንቆርጠዋለን» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ቤት ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት።

«ይሻላላ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አለ። «እኔ እንደሆን ብቻዬንም እወርዳለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ዕብደት ጀመረህ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ሥራ ልተው?»

ወንድሜ ግማሽ አማኝ ነው። ሙሉ የሚያምን ሰው አያስቸግርም፣ ጭራሽ የማያምንም አያስቸግርም፤ መከራ የሚያሳየው ግማሹ ነው። ሲመቸው ያምናል፣ ሥራ ሲመጣ ይረሳል።

ሚስቱ ግን ይህን ስትሰማ ማበጠሪያ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። እኔ እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው የምላት፤ ከተጋቡ ቆይተዋል፣ ስሙ ግን አለቀቃትም። የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ወደ እኛ እምነት የገባችው በጋብቻ ነው፤ እንደገባች ግን ከእኛ ከተወለድንበት በላይ ያዘችው። መሬት ላይ ዕቃ በኃይል ሲወድቅ ይቅርታ የምትል እሷ ብቻ ናት።

«መቆም ከሆነ እኔን የሚያክል የለም» አለች። «እትዬ ያስተምሩኝ እንጂ እኔ እቆማለሁ።»

ደስ አለኝ። ሳንቃውን አጋደምን። ወንድሜ ግንብ የሚያክል ሰው ነው፤ ሙሽሪት ደግሞ ነፋስ የሚወስዳት ዓይነት ቀጭን ናት። ከረጢቱ ሞልቶ ሊተረተር እስኪደርስ ድንጋይ ጨመርንበት። አዝላው ብድግ ስትል ወደ ኋላ ሊጥላት ደረሰ፤ ግን ቆመች።

የመጀመሪያ ሥራዋ የሳሙና ፋብሪካው ጉድጓድ ነበር። የቧንቧ ውሃ እየጠፋ ሥራው ስለቆመባቸው ነው የጠሩን። ግቢው ሰፊ ነው፤ ባንድ በኩል ባዶ በርሜል፣ ባንድ በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደረ የሳሙና ካርቶን። ሽታው ሁለት ዓይነት ነው፣ ከበሩ ሲገቡ ሽቶ፣ ከኋላ ሲዞሩ የሚፈላ ሞራ። መሬቱ በሳሙና ዱቄት ነጭ ሆኗል፤ ዝናብ ያካፋ እንደሆነ ግቢው በሙሉ አረፋ ይደፍቃል። መዘውሩን የሚያዞረው የዘወትር ጓደኛችን ነበር፤ ገመዴ ነው የምንለው፣ ሲተኛም ገመድ ተንተርሶ ይተኛል እየተባለ ይታማል። ሥራ አስኪያጁ በተወለወለ ጫማው እየተጠነቀቀ መጣና ሙሽሪትን አያት፣ ጭቃ ላይ ባዶ እግሯን፣ በጀርባዋ ድንጋይ።

«ይህች ሴትዮ ምን ትሠራለች?» አለ።

«ኢንሹራንስ ናት» አለው ገመዴ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሥራው መልካም ሄደ። ወንድሜ ይቆፍራል፣ አፈሩ በባልዲ ይወጣል፣ ግድግዳውን የሚይዝ የሲሚንቶ ቀለበት ይወርዳል። በየሳምንቱ መጀመሪያ ሳንቃው ላይ እናስቀምጣቸዋለን። እዚህ ላይ ነው እኔ የተሞኘሁት። በየሳምንቱ ከከረጢቱ ድንጋይ መቀነስ ጀመርን። አንዱን አወጣን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወጣን፣ ሙሽሪት እየከበደች ነው። እኔ ደግሞ እንደሚገባው ኮራሁ። ወጥ የምሠራላት፣ ከሥራ ስትመለስ ትኩስ የማቀርብላት እኔ ነኛ!

«አያችሁ የእኔን እጅ?» እላለሁ። «ይህቺን ነፋስ የሚወስዳትን ልጅ ሰው አደረግኳት!»

ገመዴ «እትዬ፣ እኔንም ቢቀልቡኝ ምናለበት?» ይላል። ወንድሜ ይስቃል። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ ከረጢቱን ታስራለች። አፍራ ነው ብዬ ነበር።

ቀስ በቀስ ጉድጓዱ ደስ አላለኝም። መሬት ሲቆፈር ወደ ታች እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ አባቴ ከጉድጓድ ሲወጣ እጁ በረዶ ነበር። ወንድሜ ግን ላብ አጥምቆት ይወጣ ጀመር። አፈሩ ሞቋል አለኝ፣ ለስላሳ ነው፣ የቦካ ሊጥ ይመስላል። በቀለበቶቹ መጋጠሚያ ደረቅ አሸዋ ይንጠባጠባል፤ ሰው ሲያዳምጠው ይቆማል፣ ሰው ሲያወራ ይጀምራል። ታች ሆኖ መዝፈን ይወድ ነበር፤ ዘፈኑን ተወ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና «እትዬ፣ ታች ስሆን አጠገቤ ሰው ያለ ይመስለኛል» አለኝ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ትንሽ ሰው» አለ። እጁን ዘርግቶ ከጉልበቱ በታች አሳየኝ። ከዚያ በራሱ አፍሮ ምግቡን ቀጠለ።

ሙሽሪት ከፊቱ ተቀምጣ ነበር። ብርጭቆዋ አመለጣትና ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ አምጥቼ ጠረግኩት። ምንም አልጠረጠርኩም፤ ዓይን እያለው የማያይ ሰው ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ሊሄዱ ሲሉ ሙሽሪት አንድ ቀሚሷን መኪናዬ ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ ጠቦኛል፣ ወገቡን ብቻ ያስፉልኝ» አለችኝ።

«ብቻ ምን ማለት ነው? እስኪ ልለካሽ፣ ወዲህ ነይ።»

«ረፍዷል» ብላ ወጣች።

ቁርሴን በልቼ፣ መድኃኒቴን ወስጄ፣ ሌላ ሥራ ጨርሼ ቀሚሱን አነሳሁት። ሳሰፋ ሁልጊዜ ከእጅጌው ነው የምጀምረው፤ የወፈረ ሰው ክንዱም ይወፍራል፣ ወገቡን አስፍተው እጅጌውን ከተዉት ተመልሶ ይመጣል። እጅጌው ላይ ጨርቁ ተሽብሽቦ የቆየበት ምልክት አለ። ይሄ የጠበበ እጅጌ አይደለም፣ የሰፋ እጅጌ ነው። ትከሻው ላይ አየሁ፣ እሱም ሰፍቷታል። ልጅቷ በክንዷ ከስታለች፣ በትከሻዋ ከስታለች። ወገቡ ላይ ብቻ ስፌቱ ተወጥሮ ክሩ ሊበጠስ ደርሷል።

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። በሕይወቴ ስንት ሴት መጥታ ወገቡን ብቻ ያስፉልኝ ብላኛለች! ለሁሉም እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት አስቀድሜ የተዘጋጀሁት እኔ፣ በገዛ ቤቴ «የእጄ ሙያ ነው» ስል ከረምኩ። ከከረጢቱ የቀነስነው ድንጋይ ሁሉ ልጅ ነበር።

ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ምን ብሎ እንዳወራኝ አላውቅም። ወይ ወንድሜ ነው ወይ ልጁ ነው፣ ወይ ወንድሜ ነው ወይ ልጁ ነው፣ ይህን ብቻ ነበር የማስበው። አባቴ ወይስ አክስቴ ነበረች ትክክሏ?

የፋብሪካው ዘበኛ ያውቀኛል፤ በሩን ከፍቶልኝ ተከተለኝ። ሙሽሪት ቦታዋ ላይ ናት። ከረጢቱ ጀርባዋ ላይ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ፊቷ አመድ መስሏል። ገመዴ መዘውሩ ጋ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ጉድጓዱ አፍ ዙሪያ መሬቱ ላይ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ አለ፤ ክር የምታህል፣ ዙሪያውን የከበበች።

ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወረደ፣ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። ቋሚ ነበረች፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ከእኔ የተሻለች ቋሚ ነበረች።

«ለምን? ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብናገር እርስዎ ይቆሙ ነበር፣ እግርዎ ይቆረጣል። እርስዎም እኔም ባንቆም እሱ ብቻውን ይወርዳል። ብቻዬን እወርዳለሁ ብሎኛል፣ ለእርስዎም ብሏል፣ ሰምቻለሁ።» እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። «አባትዎ አንድ ነገር ይላሉ፣ አክስትዎ ሌላ ይላሉ። ምናልባት ሁለቱም ተሳስተው እንደሆነስ ብዬ ነው።»

ከጉድጓዱ ውስጥ አሸዋ መንጠባጠብ ጀመረ። አሁን ስናዳምጠውም አልቆመም።

«ገመዴ!» አልኩ። «ወንድሜን አውጣው!»

ገመዴ ወደ ታች ተጣራ። የወንድሜ ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ «አሸዋው ረጥቧል! ውሃ አጠገብ ነኝ! ትንሽ ቆዩ!»

«ውጣ ብዬሃለሁ አንተ ልጅ!»

«እትዬ? አንቺ ነሽ? አንድ ባልዲ ብቻ!»

አንድ ባልዲ ብቻ እያለ ስንት ሰው ቀርቷል። መጠበቅ አልቻልኩም። ቋሚ መቀየር ይቻላል፤ አባቴ አስተምሮኛል፣ ሠርቼው ግን አላውቅም። የቀድሞው አንድ እግሩን ሲያነሳ አዲሱ እዚያው ፈለግ ውስጥ አንድ እግሩን ይተካል፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ክብደቱ ግን ያው መሆን አለበት፣ እኔ ደግሞ በሽታው ግማሼን በልቶታል፤ ሳንቃውም ቤት ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ቁስሌን የጠቀለልኩበትን ጨርቅ ፈታሁ። «ሳሙና አምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘበኛው አብዳለች ብሎ አፉን ከፈተ፤ ገመዴ ግን ገባው። የሳሙና ካርቶን እያነሱ ክንዴ ላይ ይደረድሩልኝ ጀመር። ከረጢቱን ከሙሽሪት ጀርባ ወስደው ለእኔ አዘሉልኝ። የሙሽሪት ፈለግ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብቶ ነበር፤ እኔም እዚያ ድረስ መግባት አለብኝ። ግራዋን አነሳች፣ ግራዬን ተከልኩ። ቀኟን አነሳች፣ ቀኜን ተከልኩ። ጭቃው አልደረሰም። «ጨምሩ!» አልኩ። አንድ ካርቶን ጨመሩ። «ጨምሩ!» ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ሲነካ «በቃ» አልኩ።

የአሸዋው ድምፅ ቆመ። ግቢው በሙሉ ጭጭ አለ፣ የፋብሪካው ማሽን ራሱ የቆመ መሰለኝ።

ገመዴ መዘወር ጀመረ። ገመዱ ሲጠመጠም፣ ሲጠመጠም፣ ኋላ የወንድሜ ሄልሜት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ፊቱ፣ ቀጥሎ እርጥብ አሸዋ የያዘ እጁ። መሬት ላይ ወጥቶ ቆመና እኔን አየኝ፤ ጭቃ ውስጥ የተተከለች፣ እስከ አገጯ ሳሙና የታቀፈች አሮጊት። ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ፣ ልብስ ልታጥቢ ነው?»

እኔም ሳቅኩ። አለቀስኩም። ወንድሜ ወጥቷል! አባቴ ተሳስቷል! ካርቶኖቹ ከእጄ ወደቁ፣ ሳሙናው ግቢው ላይ ተበተነ። ዞር ብዬ ለሙሽሪት «ተመስገን በይ» ልላት ስል ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ አየኋት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ዛሬም አይለቀኝም።

«ጠዋት ሙሉ ሲራገጥ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «አሁን እግርዎን ሲተክሉ ዝም አለ።»

በዚያች ቅጽበት ከእግሬ ሥር፣ ከጭቃው ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ነገር የቀኝ ውስጥ እግሬን ረገጠኝ። ድንጋይ አይደለም፣ ድንጋይ አይራገጥም። ትንሽ ቆይቶ ደገመኝ።

ሆስፒታል የነበረችው ሐኪም ደግ ሴት ነበረች። የልብ ምት የለም፣ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለችን። ወንድሜ ልጅ እንደነበረው የሰማው እዚያ ኮሪደር ላይ ነው፣ የሰማውም የቀበረውም አንድ ላይ ሆነበት። ነርሷ በጨርቅ የተጠቀለለውን ለእኔ ሰጠችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ክብደት ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ ላይ የነበረው የጨርቁ ክብደት ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሙሽሪት ግን እጄን አየች፣ እጄ እንዴት ቀልሎት እንደያዘ አየች።

ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ፣ ያውም ጥሩ ውሃ። ፋብሪካው ተደሰተ። ገመዴ መዘውሩን ለዘበኛው ተወለት፣ ባልዲ አስሮ ውሃ ይቀዳበታል። የቆምንበትን ቦታ ሲሚንቶ ሊያፈሱበት ነበር፤ እኔ ዘበኛውን ለምኜ፣ ዘበኛው ሥራ አስኪያጁን ለምኖ ተዉት። ሐዘን ላይ ናት ብለው ነው ያዘኑልኝ።

ከዚያ ወዲያ መሄድ ጀመርኩ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ላይ እቆማለሁ። ሕያው ሰው ታች ካለ ቋሚ ያስፈልገዋል፤ ሕጋችን ነው። ድንጋይ አላዝልም፣ ስንት እንደሚመዝን አላውቅማ። ሐኪሙ ይቆጣኛል፣ ወንድሜ በር ቆልፎብኝ ያውቃል። «እትዬ፣ በእኔ ሞት፣ ተይው» ይለኛል። እሱ ቁፋሮውን ትቷል፣ አሁን ሙሉ አማኝ ነው፣ ሙሉ ሆኖ ደግሞ ፈሪ ሆነ። እኔ ግን እዚያ ስቆም እርግጫው ይመጣል፣ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ እየጠነከረ። እያደገ ነበር። ልጅ ሳይኖረኝ ላረጅ የነበርኩ ሴት፣ እግሬ ሥር ልጅ ሲያድግ ተሰማኝ። ደስ ይለኝ ነበር ብል ማን ይፈርድብኛል? ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሙሽሪት ከፀጉር ቤት ቀጥታ መጣች። ጫማዋን አወለቀችና «እስኪ እኔም» አለች። ቦታውን ለቀቅኩላት። ቆማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። ከዚያ በኋላ እየተፈራረቅን ሆነ። አንዷ ስትቆም ሌላዋ ዘበኛው በሚሰጠን ወንበር ትቀመጣለች። ስለ ምንም እናወራለን፣ ስለ ሰው ፀጉር፣ ስለ ሰው ወገብ።

ዓመት ዞሮ፣ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ። ቢወለድ ኖሮ በገዛ እግሩ የሚቆምበት ዕድሜ ደረሰ። እኔ ተራዬ ሆኖ ቆሜ ነበር፤ ቀትር ነው፣ ፀሐዩ ግቢው ላይ ወጥቷል፣ ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል። እርግጫው አልመጣም። ጠበቅኩ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ የግራ ውስጥ እግሬን አንድ ትንሽ ውስጥ እግር ነካው፣ ቀኜንም ሌላ ትንሽ ውስጥ እግር ነካው። አልረገጡኝም። ገጠሙኝና ገፋ አደረጉኝ። ተወላገዱ፣ ወደቁ፣ ተመልሰው መጡ፣ ገጠሙኝ፣ አሁን አልወደቁም።

«ሙሽሪት!» አልኩ። «ቆመ! ልጅሽ ቆመ!»

እሪ ብላ ተነሳችና መሬቱን ረግጣ እንደነበር ትዝ ሲላት ዘላ የሳሙና ካርቶን ላይ ወጣች። ዘበኛውን «ወንበሩ ላይ ውጣ! እባክህ፣ በእናትህ ውጣ!» አለችው፤ ምስኪኑ ግራ እንደገባው ወጣ። መሬቱን ለልጇ ለቀቀችለት። እጇን በአፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም ልወጣ ነበር። ሕጉ ነው፣ መሬቱ ለልጁ ብቻ ይለቀቃል። እግሬን ላነሳ ስል ጭቃው አልለቀቀኝም። የታቹ እግሮች ከእግሬ ጋር እንደተገጣጠሙ ነበሩ። አይንቀሳቀሱም፣ አይደገፉም፣ ልክ እንደ ተማረ ሰው ነው የቆሙት። ያን አቋቋም እኔ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት እንደዚያ ነው።

ሙሽሪት ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

«እትዬ፣ ቋሚ የሚቆመው ሰው ሲሻገር አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

«ነው።»

«ታዲያ ልጄ ለማን ነው የቆመው?»

ከኋላዬ፣ ማንም ሳይነካው፣ መዘውሩ ሲጢጥ አለና የጉድጓዱ ገመድ ከታች ሰው ሊወጣበት እንደያዘው ተወጠረ።